ነሐሴ ላይ ማን ነበረ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህሩ።

ጥያቄውን ያመጣው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። የከተማው ውኃ ተበክሏል ብሎ በመናገሩ ከሥራ ተባሯል። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩት ሰዎች የመጡት የውኃ ገንዳው ታጥቦ ካበቃ በኋላ ስለ ነበር ያገኙት ንጹሕ ውኃ ነው። «መምህር» አላቸው፣ «ሁሉም ጥፋቱ ያንተ ነው ካሉኝ፣ ምናልባት እውነትም የእኔ ይሆን?» መምህሩ ይህን ነገሩት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ከቤቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ዋንዛ ተክሎ ነበር። ጉድጓዱን የቆፈረ እርሱ፣ በበጋ ከወንዝ ውኃ እየተሸከመች ያጠጣች ሚስቱ ናት። ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ስለ ቆዩ ጎረቤቶቿ ይነኳት ነበር። «አንቺ፣ ልጅ ብትወልጂ ይህን ያህል ታጠቢዋለሽ?» ይሏታል። «መጀመሪያ እነዚህን ጡት ላስጥላቸው» ትላለች። ዋንዛዎቹ አድገው ጥላ ሲሆኑ እርሷም አረገዘች።

በዚያው ዘመን ከዋንዛዎቹ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ የኢንተርኔት ምሰሶ ተተከለ። ከገበሬው ቤት በታች ጤና ኬላ አለ። ሽቦ የለም፤ ምሰሶው በአየር ይልካል፣ ጤና ኬላው ይቀበላል። ሌላ የስልክ መስመር ወደዚያ ሸለቆ አይደርስም። ነርሷ በሽተኛ ሲከብዳት ስልኳን ትከፍታለች፤ የከተማው ሐኪም ምስሉን እያየ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ ይላታል።

ምሰሶው የተፈተሸው በጥር ነው፤ የተመረቀውም በጥር ነው። ወደዚያ አገር መኪና የሚወርደው መንገዱ ሲደርቅ ብቻ ነውና። ዋንዛ ደግሞ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ሚስቲቱን ምጥ ያዛትና ወደ ጤና ኬላው ወረደች። ልጁ ተወለደ፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ነርሷ ወደ ሐኪሙ ደወለች። ፊቱ ብቅ አለና ባለበት ደረቀ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረ። ነርሷ ስልኩን ይዛ ወደ ዝናቡ ወጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች። ገበሬው የሚስቱን እጅ ይዞ ክቡን ያያል። ክቡ እየዞረ ሳለ ሴትዮዋ አረፈች።

ገበሬው አቤት አለ። መልሱ የመጣው መንገዱ ሲደርቅ ነው። ምሰሶውን የተከለው መሥሪያ ቤት ኃላፊና አንድ ባለሙያ ከመኪና ወረዱ።

«እንደ ሙሽራ ጥርን ጠብቃችሁ ነው የምትመጡት» አለ ከተሰበሰቡት አንዱ። ሰው ሳቀ፤ ኃላፊውም ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ከተማ ደወለ። የሐኪሙ ፊት ጥርት ብሎ መጣ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል።

«ይኸው። ምን ጎደለው?»

«ነሐሴ ላይ አልሠራም ጌታዬ» አለ ገበሬው።

«ነሐሴ ላይ ማን ነበረ?»

«እኛ ነበርን።»

ኃላፊው ይህን ከመልስ አልቆጠረውም። ወደ ነርሷ ዞሮ «አያያዙን ሳታውቂበት ቀርተሽ ይሆናል» አላት። ነርሷ አቀረቀረች።

ባለሙያው ግን አንጋጦ ባዶዎቹን ቅርንጫፎች ያይ ነበር። «አባቴ፣ ክረምት ላይ የዚህ ቅጠል ምን ያህል ነው?»

«መዳፍ ይሸፍናል። ዝናብ ሲጠጣማ ቅርንጫፉን ያጎብጠዋል።»

ባለሙያው ወደ አለቃው ዞረ። «የተከልነው አጭሩን ሞገድ ነው። ፈጣን ነው፣ ብዙ ይሸከማል፤ እርጥብ ቅጠል ግን ይውጠዋል። ረጅሙ ሞገድ ዘገምተኛ ነው፣ የሚሸከመውም ጥቂት ነው፤ ቅጠሉን ግን አልፎ ይሄዳል። ድምፅ ያደርሳል። ለነርሷ ደግሞ ድምፅ ይበቃት ነበር። ረጅሙን እንጨምርላቸው። ካላመኑኝ ነሐሴ ላይ መጥተን እንለካው።»

«ነሐሴ ላይ መኪና አይገባም» አለ ኃላፊው። «ደግሞ ዘገምተኛ ነገር ተክለን ለእንግዳ ምኑን እናሳያለን?»

ገበሬው ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዲት ቃል ነበረች፤ ቅጠል። ዋንዛዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ምሳሩን ይዞ ወጣ።

ባለሙያው ሮጦ ክንዱን ያዘው። «ተዉ አባቴ፣ ዛፉ ምን አደረገ? ዛፉ ቀድሞ የነበረ ነው። ኋላ የመጣው የእኛ ምሰሶ ነው።»

«እርሷን የገደላት ይህ ከሆነ» አለ ገበሬው፣ «ለማን ላቆየው?»

«ልቀቀው» አለ ኃላፊው ባለሙያውን። «ሰውየው ገብቶታል።»

ሚስቱ ያጠጣቻቸውን ዛፎች ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጣላቸው። ኃላፊው ይህን የኅብረተሰብ ተሳትፎ ብሎ ለበላዮቹ አቀረበና ተመሰገነ። ባለሙያው ሥራ አደናቃፊ ተብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወረወረ፤ የእርሱ ነገር ይቅር።

በሚቀጥለው ክረምት ምስሉ ጥርት ብሎ ገባ። ያኔ መንደሩ በሙሉ «ዛፉ ነበር ለካ» አለ። ገበሬውም አመነ። ልጁ አድጎ እናቴን ምን ገደላት ብሎ ሲጠይቀው «እኔ የተከልሁት ነገር» ይለው ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት በማዶው መንደር ረጅሙን ሞገድ ተከለ። በዚያ ዋንዛዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው፣ በነሐሴም ስልኩ ይሰማል። ለገበሬው ይህን የነገረው ሰው የለም። ዛፎቹን በገዛ እጁ ጥሎ፣ ሚስቱንም ራሱ እንደ ገደለ አምኖ ሞተ።

መምህሩ ታሪኩን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«አጣሪዎችህም የመጡት በራሳቸው ጥር ነው፤ ገንዳው ከታጠበ በኋላ። ያዩትን አይተዋል፤ ዋሽተዋል እንኳ አልልህም። አንተ ያየኸውን ግን አላዩም፣ ሊያዩም አልፈለጉም። ያጣኸውን ቦታ እኔ አላስመልስልህም፤ የሚያስመልስልህ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለውን በደል ለምጄዋለሁ። ያልለመድሁት የአንተን ጥያቄ ነው። ልብ በል ልጄ፣ ሰዎቹ ወደዚያ መንደር ምሳር ይዘው አልሄዱም። ምሳሩ የወጣው ከገበሬው ቤት ነው። አሁን አንተ ‹ምናልባት የእኔ ይሆን› ስትለኝ፣ ምሳሩን በእጅህ አየሁት። እባክህ አስቀምጠው።»