የወይዘሮ አሰለፈች ግድግዳ አልቀባ ያለበት ተረት

ተረቴ ከግድግዳ ትጀምራለች። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላልና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙኝ።

ደሴ ውስጥ ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ነበሩ። የሚፈልጉት አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ የሳሎናቸው ግድግዳ ቀለም እንዲቀባ። በመስቀል ማግስት ልጃቸውን ማስተዋልን ለመጠየቅ ሽማግሌ ይመጣል። የወንዱ ልጅ ወገኖች ደግሞ ከደጅ እስከ ጓዳ በዓይናቸው የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው ይባላል። ግድግዳው እከክ እንደያዘው ውሻ ተላልጧል። «አባት የሌላት ልጅ፣ ቤቷም ባለቤት የለው ሊሉኝ ነው!» እያሉ ወይዘሮ አሰለፈች እንቅልፍ አጡ። ማስተዋል «እማዬ፣ የሚያገቡት እኔን እንጂ ግድግዳውን አይደለም» ብትላቸው ሰሚ አላገኘችም።

ባለሙያ ይምጣልኝ አሉ፤ መጣ። ምትኩ ይባላል። በኪሱ «ቀለም ቀቢ ኮንትራክተር» የሚል ካርድ፣ በጆሮው ስልክ። ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቅ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ይሄ ሳይለሰን ብሩሽ አላነሳም። እኔ ስም ያለኝ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ካርድህ ላይ ቀቢ ነኝ አላልክም?»

«ቀቢ ነኝ፤ ግን አልቀባም።»

ወይዘሮ አሰለፈች ለሳኙን ይርዳውን ጠሩት። ይርዳው መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈና ወዲያው አነሳው። «ውይ፣ ይሄማ እርጥብ ነው! እርጥብ ላይ ስቱኮ ብለስን ነገ እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ይወድቃል። መጀመሪያ ይድረቅ» አለ። ለሳኙ አልለስን አለ፣ ቀቢው አልቀባ አለ።

ሴትየዋ ወገባቸውን ይዘው ከግድግዳው ፊት ቆሙ። «አንተስ? ለምንድነው የማትደርቀው?» ግድግዳው አፍ ባይኖረውም መልስ አላጣም፤ ጠብ! አለ ከላይ። ቀና ቢሉ ሁለተኛዋ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች። ጣሪያው ማፍሰሱን አልተው አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ለሳኙ አልለስን አለ፣ ቀቢው አልቀባ አለ።

ቆርቆሮ የሚመታውን ሙሄን አስጠሩት። ሙሄ አንጋጦ ጣሪያውን አየ፣ አየና ፈገግ አለ። «ሦስት ምስማር ነው እትዬ፣ ቀላል ናት። መሰላሉ የት አለ?»

«መሰላል አንተ አታመጣም እንዴ?»

«የኔ ተሰብሯል። ልብረር?»

ሙሄ አልወጣ አለ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን አልተው አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ለሳኙ አልለስን አለ፣ ቀቢው አልቀባ አለ። መስቀል ግን አንዱንም ሳይጠብቅ እየመጣ ነበር።

በሰፈሩ እዚያ ጣሪያ የሚደርስ መሰላል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤታቸው ጋሽ አሊጋዝ። ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ አሰለፈች ፊታቸው ጠቆረ። «አንቺ ሂጂ» ብለው ማስተዋልን ላኳት። ልጅቷ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ምን አሉ?»

«እማዬ፣ አትቆጪ።»

«ምን አሉ እኮ!»

«‹ኀዘኔን በስልክ የደረሰች፣ መሰላሉንም በስልክ ትውሰድ› አሉ።»

ወይዘሮ አሰለፈች ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እውነት ነው። የጋሽ አሊጋዝ እህት አለምነሽ ስታርፍ ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ገብቶ ሲያለቅስ፣ እሳቸው ጉልበቴን አሞኛል ብለው በስልክ «እግዜር ያጥናዎ» አሉ። ነገ እደርሳለሁ አሉ፣ ነገ ሌላ ነገ ወለደ፣ ከዚያ አፈሩና ቀሩ። አሁን ጋሽ አሊጋዝ አልሰጥ አሉ፣ መሰላሉ አልመጣ አለ፣ ሙሄ አልወጣ አለ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን አልተው አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ለሳኙ አልለስን አለ፣ ቀቢው አልቀባ አለ።

«ቆይ፣ እኔን ነው እንዴ ስጠብቅ የከረምኩት!» አሉና ብድግ አሉ። ተናደዱ፤ በምትኩ ተናደዱ፣ በጣሪያው ተናደዱ፣ ከሁሉም ይልቅ በራሳቸው ተናደዱ። ነጠላቸውን ለኀዘን እንደሚለበሰው ዘቅዝቀው ለብሰው መንገዱን ተሻገሩ።

ሲሄዱ ያሰቡት መሰላሉን ነበር። ደጁ ላይ ሲደርሱ ግን የአለምነሽን ባዶ በርጩማ አዩ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ አለምነሽ ቤቷን ዘግታ መጥታ ፍራሽ ላይ አብራቸው አድራለች፣ በግድ እያጎረሰች አብልታቸዋለች። ወይዘሮ አሰለፈች «አለሜ!» ብለው እዚያው ደጅ ላይ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

ጋሽ አሊጋዝ ወጡ። ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው።

«ከጎረቤት አንቺ ብቻ ቀረሽ» አሉ። «ስልኩን ስዘጋ ከሞቷ እኩል ነው የከፋኝ።»

«ጥፋተኛ ነኝ ጋሽ አሊጋዝ። ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ።»

ብዙ ተጨዋወቱ፤ ስለ አለምነሽ ብቻ። ሊወጡ ሲሉ ጋሽ አሊጋዝ «መሰላሉንስ?» አሉ።

«ኧረ ለመሰላል ብዬ አይደለም የመጣሁት!»

«ለመሰላል ብለሽ ነው የመጣሽው። ያለቀስሽው ግን ለአለሜ ነው። ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ጋሽ አሊጋዝ ሰጡ፣ መሰላሉ መጣ፣ ሙሄ ወጣ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ፣ ግድግዳው ደረቀ፣ ይርዳው ለሰነ፣ ምትኩም ብሩሹን አነሳ። አንስቶም «እማማ፣ ለመሆኑ ክሬም ነው ነጭ?» ብሎ ሊያወራ ሲል፣ ወይዘሮ አሰለፈች «ቅባ!» ብለው ጮኹ። ቀባ።

በመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ ገቡ። እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ግድግዳውን ዞር ብሎ ያየው የለም። ትልቁ ሽማግሌ ግራና ቀኝ ተመለከቱና «የልጅቱ አባት በሕይወት የሉም ተብለናል። ታዲያ ለማን እንናገር?» አሉ።

ወይዘሮ አሰለፈች ክው አሉ። ስለ ግድግዳ ሲጨነቁ ከርመው ይህን አላሰቡትም ነበር።

በጎረቤትነት ተጠርተው ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሽ አሊጋዝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ለእኔ ተናገሩ። አባቷ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። በአገሩ ወግ የሴት ወገን በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። ጋሽ አሊጋዝም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም ነው። እንግዲህ ዘመድ ተሰብስቦ ይምከርበትና፣ እናንተም ሌላ ቀን...»

«ጋሽ አሊጋዝ!» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች ከጓዳ በር ላይ። «በእኔ ሞት! እዚህ ቤት ሌላ ቀን የሚባል ነገር አልቋል። ሰጥተናል ይበሏቸው!»

ማስተዋል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ አሊጋዝ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲህ እናትየዋን ሰምታችኋል። ሰጥተናል፤ ተቀመጡ!»

እኔም ተረቴን ቀባኋት፤ እስክትደርቅ አትንኳት።