«ተቀበሉን!»

አንድ ሰው ነበረ። በደግ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይበድላል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እሱ ይመልስልሽ።

ገጠር ተወልዶ ከተማ የከበረ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በስተርጅና ሐኪም ተራመድ ቢለው ከእኩዮቹ ጋር የእግር ጉዞ ክበብ ገባ። መቼም የጠገበ ሲሄድ ጉዞ ይባላል፣ የራበው ሲሄድ መንከራተት። ክበቡ እሑድ እሑድ ሲራመድ ከርሞ አንድ ቀን መልካም አሳብ መጣለት፤ ሐኪም ቤት ለራቀው ለአንድ የገጠር ቀበሌ አምቡላንስ እንዲገዛ፣ እዚያው ቀበሌው ድረስ በእግር ወርዶ ሰውን ሊያስተባብር። አሳቡን አልነቅፍም። ደግ አሳብ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ አውቶቡሳቸውን አስፋልቱ ዳር አቁመው፣ አርባ ሆነው፣ ነጭ ካናቴራ ለብሰው ቁልቁለቱን ተያያዙት። ነጋዴው ከፊት ነው። «ለገጠሩ ሕመምተኛ እንድረስ» የሚል ጨርቅ በሁለት ዘንግ ተወጥሮ አንደኛውን ዘንግ እሱ ይዟል። ጨርቁን ከሱቁ የሰጠ እሱ ነውና ኩራት ብጤ ተሰምቶታል። አንዲት ድምፀ መልካም ዘፈን ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ፎቶ አንሺው የኋሊት እየሄደ ያነሣቸዋል።

ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ከታች አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ብቅ አሉ። ቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት ሴት አለች። አራት ሰው ብቻ! የቀረው የመንደሩ ወንድ የት ገባ ትዪኝ እንደሆነ፣ እንግዶቹን እንዲቀበል ተብሎ ከማለዳ ጀምሮ ሜዳ ላይ ተሰልፎላቸዋል።

ባልየው ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ትከሻው ተልጧል። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ።

«ተቀበሉን! ኧረ ወገን፣ ተቀበሉን!»

የከተማ ሰው ምን ያውቃል?

«አቤት ሲያስመስሉት!» አለች ዘፈን አውጪዋ። «ለእኛ ያዘጋጁት ትርኢት እኮ ነው! ተቀበሉን እያሉ ነው፣ በሉ ተቀበሏቸው!»

ተቀበሏቸው። ዘፈኑን ተቀበሉ፣ አጨበጨቡ፣ እልል አሉ።

ነጋዴው ግን ያውቃል። አባቱ ቃሬዛ ያየ እንደሆነ ጥማድ በሬውን ከነሞፈሩ ጥሎ፣ ሮጦ ትከሻውን የሚሰጥ ሰው ነበር። በአገሩ ተቀበሉን ከተባለ ደመኛ እንኳ ተራውን ሳይሸከም አያልፍም። የሴትየዋንም ፊት አየ፤ ትርኢት አልነበረም። ዘንጉን ሊለቅ ጣቶቹን ፈታ።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ረገበብኝ!» አለው ፎቶ አንሺው። «ወጠር ያድርጉት!»

ወጠር አደረገው። እኔ ብለቅ ሰልፉ ይበላሻል፣ ደግሞ ከኋላዬ ስንት ጎልማሳ አለ፣ አንዱ ይቀበላቸዋል፣ አለ በሆዱ። ከኋላ ያለውም ጎልማሳ እኮ የፊተኛውን እያየ ነው የሚሄደው። ባልየው አንድ ጊዜ ዐይን ዐይኑን አየው። ከዚያ ተሸካሚዎቹ ለሰልፉ መንገድ ለቀው፣ በእሾሁ በኩል ዞረው አለፉ።

ሜዳው ላይ እልልታው ቀለጠ፣ ንግግሩ ተንዛዛ። ምሳ ሲቀርብ ነጋዴው ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። አጠገቡ የተቀመጡትን የመንደሩን ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ ያገኘናት ሴት ማን ናት ብሎ ጠየቃቸው።

«በቃሬዛ? ወይ፣ አንጓች ትሆናለች፤ ቀኗ ደርሶ ነበር» አሉት። «እንኳንም እናንተን አገኘች! አርባ ትከሻ አግኝታማ እስካሁን ሐኪም ቤት ገብታለች።»

ሰውየው ተነሣ። ለማንም ሳይናገር፣ በዚያ ዕድሜው፣ ዳገቱን ብቻውን ሮጠ።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ደረሰባቸው። አስፋልቱ ከዚያ ይታያል፤ ባዶው አውቶቡስም ቆሞ ይታያል። ቃሬዛው መሬት ላይ ነው። ፊቷ በነጠላዋ ተሸፍኗል። ባልየው እግሯ ሥር ቁጭ ብሏል፣ ሦስቱ ሰዎች ፊታቸውን አዙረዋል። ነጋዴው እያለከለከ ጎንበስ አለና የቃሬዛውን እንጨት ጨበጠ።

«ወንድሜ፣ ልቀበልህ።»

ባልየው ቀና ብሎም አላየው።

«ይተዉት አባቴ፣ አሁን ምን ያጣድፋል?» አለ። «የከበደችን ጠዋት ነበር።»

ይኸው ነው፣ ልጄ። ሰይጣን ሰውን ሁልጊዜ ክፉ ሥራ አስይዞ አያጠፋም። አንዳንዴ ደግ ሥራ ያስይዘውና ሁለት እጁን ይሞላበታል። ያ ነጋዴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ ይሸከማት ነበር። አንቺም ለማኅበርሽ ችግረኞች ስትሮጪ አይሻለሁ፣ ጎሽ ብያለሁ። ግን የአልጋ ቁራኛዋ አክስትሽ ከጓሮ ክፍል ሦስት ቀን ሙሉ ስትጣራ፣ አንቺም «ስብሰባ አለብኝ፣ መጣሁ» ስትያት በአጥሩ በኩል ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። በደግ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይበድላል ወይ ነው ያልሽኝ? እንዲህ አድርጎ ይበድላል። በይ ተነሺ። ዛሬ ድምፅዋ ቀጥኖብኛል።