«አላውቅም» የሚባልበት ድንጋይ

ከዝግቦ ቅኔ ቤት በታች፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ድንጋዮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አዲስ መምህር ወንበር ሲይዝ መጀመሪያ የሚቀመጠው በቅኔ ቤቱ ሳይሆን በታችኛው ድንጋይ ላይ ነው። ከአገሩ ሴቶች አንዷ ትመጣና ላይኛው ላይ ተቀምጣ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ እሱም «አላውቅም» ይላል። ይህን ሳይል ተማሪ አይሰጠውም። እንግዳ ሰው ሲያይ ይስቃል፤ እኛ አንስቅም።

ነገሩ የተጀመረው፣ እንደሚነገረው፣ በየኔታ ሰርፀ ዘመን ነው። የኔታ የጥንት ፈላስፎችን ኑሮና ቃል ከነዘመናቸው ልቅም አድርገው ያወቁ ነበሩ ይባላል። ቤት ንቆ ጋን ውስጥ የኖረውን፣ የተፈረደበትን መርዝ ከወዳጆቹ ጋር እያወጋ የጠጣውን፣ ከሰው ሸሽቶ በዋሻ ሁሉን በልቡናው የመረመረውን፣ አንዱን ከአንዱ እያጋጠሙ ሲያወሩ የመንደር ጎረቤቶች ያስመስሏቸው ነበር አሉ። ምን ያደርጋል፣ ይህ ሁሉ እውቀት አንድ ክፉ ልማድ አመጣባቸው፤ ተጠይቀው መልስ ማጣትን እንደ ነውር ቆጠሩት። በሬ የጠፋበትም፣ ሚስቱ የኮበለለችበትም የአንዱን ጠቢብ ቃል ይዞ ይመለስ ነበር።

አንድ ክረምት ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ አንድያ ልጇ በትኩሳት ስትነድባት፣ ወደ የኔታ መጣች። መድኃኒት አዋቂው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። «ልሻገር ወይስ ልጠብቅ?» አለቻቸው። የኔታም ስለ ትኩሳት አንዳች ሳያውቁ፣ ሥጋ የራሱ ሐኪም ነው ያለውን የአንዱን ፈላስፋ ቃል ጠቀሱና «ጠብቂ» አሏት። ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ ትርንጎ የኔታን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸውና ከፊታቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እንባዋ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ደርቆ ነበር ይባላል። እህል ትቀምሳለች፣ ጣዕሙን ግን አታውቀውም።

«የኔታ፣ ተሻግሬ ቢሆን ትድንልኝ ነበር?»

እሳቸውም ልማድ ሆኖባቸው፣ አንዱ ጠቢብ ስለ ሞት የተናገረውን ጀመሩ።

«እነሱ ልጄን አያውቋትም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «እርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

የኔታ የጀመሩትን ቃል ተዉት። ከዚያ «አላውቅም» አሉ፤ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነበር ይላሉ።

«ያን ዕለት እንዲህ ብለውኝ ቢሆን እሻገር ነበር» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የኔታ ማስተማሩን አልተዉም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ያን ድንጋይ ሳይቀመጡበት ወደ ቅኔ ቤት አይገቡም ነበር። እሷም አንዳንድ ቀን መጥታ ትቀመጣለች። የኔታ ሲሞቱ ወንበራቸውን የወረሰውን ተማሪ ትርንጎ ራሷ እዚያው አስቀምጣ ጠየቀችው፤ ልማዱም በዚያው ጸና።

ዛሬ ወንዙ ድልድይ አለው። ጥያቄው ግን ያው የትርንጎ ጥያቄ ነው፤ የምትጠይቀውም ሴት መልሱን ስትሰማ ነጠላዋን ሰብስባ ትሄዳለች። የኔታ ሰርፀን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም፣ ትርንጎንም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት የልጅቱ ስም ማን ነበር ብዬ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዱም ስም ሊፈጥርልኝ አልሞከረም። ሁሉም «አላውቅም» አሉኝ።