የአያ ጎፈሬ ጀርባ

ድሮ፣ ገደሎች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ በአንድ ሩቅ አገር አያ ጎፈሬ የሚሉት ዝንጀሮ ነበር። ጎፈሩ እንደ ደረሰ ጤፍ የሚዘናፈል፣ ምላሱ ከጎፈሩ የረዘመ።

የዝንጀሮዎች ደንብ ይህ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አንዱ የሌላውን ጀርባ አክኮ መዥገሩን ይለቅምለታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አያ ጎፈሬ ደንቡን የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነበር።

«እከክልኝ፤ ልከክልህ» ይላል። ይታከካል። ተራው ሲደርስ ጣቱን ያነሣና «ወይ ጉድ! እሾህ ወግቶኛል፤ ነገ» ይላል። በማግስቱ ሌላውን ይይዛል። «እከክልኝ፤ ልከክልህ።» ይታከካል። «ወይ ጉድ! እሾህ ወግቶኛል፤ ነገ።» ባሏን ነብር የበላባት አሮጊቷ እመት ዳለቻ እንኳ እስኪያንቀላፋ ስታክክለት ቆይታ «ነገ»ን ይዛ ተመልሳለች።

አንድ ረፋድ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። የመጣ የለም። ዘወር ቢል መንጋው በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶታል።

«ደግ! እኔም እጅ አላነሰኝም» ብሎ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ሰፈረ።

ሾላውን ብቻውን በላ። ብቻውን ጠገበ። ከዚያ አንዲት መዥገር መጥታ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል፣ እጅ ከላይም ከታችም በማይደርስበት ቦታ ተጣበቀች። በግንድ ታሸ፣ በድንጋይ ታሸ፤ ጎፈሩ ተመለጠ እንጂ እሷ አልተነቃነቀችም።

ጃርት ሲያልፍ «ወንድሜ፣ እከክልኝ፤ ልከክልህ» አለው።

«እኔን? በየትኛው ጣትህ?» አለና እሾሁን እያንኮሻኮሸ ሄደ።

ኤሊን ለመናት።

«የኔ ጀርባ አያሳክከኝም፣ አያ ጎፈሬ። አንተን ማከክ ምን ያተርፍልኛል?» ብላ አንገቷን አስገባች።

ወደ ማዶ ቢያይ ዝንጀሮዎቹ ተደርድረው ይተካከካሉ። ከሁሉ ጫፍ እመት ዳለቻ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ለአሮጊት ተራ የሚይዝ የለም።

ተሻግሮ ከኋላዋ ተቀመጠ። ሳትጠይቀው ማከክ ጀመረ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ።»

«ጣትህ ዳነ?»

«ዳነ፣ እሜቴ።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አከከላት። ሲጨርስ ዞሮ ጀርባውን ሰጣት። እመት ዳለቻ ጣቷን አነሣች።

«ወይ ጉድ! እሾህ ወግቶኛል፤ ነገ።»

መንጋው በሳቅ ተንከተከተ። አያ ጎፈሬ ከነመዥገሩ አደረ። በማግስቱ ረፋድ ግን ማንም ሳይጠራው ከኋላዋ ተቀምጦ ተገኘ። ያን ቀን እሾህ የወጋው ጣት አልነበረም።

ይህን ያዩ ሽማግሌ ዝንጀሮዎች ለልጆቻቸው እንዲህ አሉ፤ እኛም ከእነሱ ሰማን፦

ለአፍ የገዛ እጅ፣ ለጀርባ ወዳጅ።