ማን ልበል?

አንድ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ወጣት ነበር። ስሙ ናሁሰናይ ይባላል። እጁ የተባረከ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ውኃ ቢደፋ የትም ሳያቁር ወደ ቀዳዳው ይወርዳል። አንድ አመል ግን ነበረበት፤ ስልክ አይበረክትለትም። አይወድቅበትም፣ አይሰረቅበትም። ዝም ብሎ ይሰለቸዋል።

አዲስ ስልክ በገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ናሁሰናይን ማየት ነበር። "ካሜራው ጉድ ነው!" እያለ ላገኘው ሁሉ ያሳያል። በወሩ ዝም ይላል። በሁለተኛው ወር የሰው ስልክ አሻግሮ ማየት ይጀምራል፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ የተሻለ ስልክ ከያዘ የዚያን ቀን ሥራ አይሠራለትም። በሦስተኛው ወር ስልክ ሻጩ ባለሱቅ ዘንድ ነው። የያዘውን ይሰጣል፣ ትንሽ ይጨምራል፣ አዲሱን ይቀበላል። ካርቶኑን ለመክፈት ከመቸኮሉ የተነሳ የሰዎቹን ስም ወደ አዲሱ አያዛውርም። "ሲደውሉ እመዘግባቸዋለሁ" ይላል። ሲደውሉም አይመዘግባቸውም።

ስለዚህ ስልክ ሲያነሳ የሚለው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ "ማን ልበል?"

አንዳንዱ ይስቅበታል። አንዳንዱ ስሙን ይናገርና ጨዋታውን አሳጥሮ ይዘጋል። ከሚደውሉለት ሰዎች አንዱ ጋሽ ድንበሩ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር፣ የሟች አባቱ የልብ ወዳጅ። አባቱ ሲሞት "አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ለዓመት በዓል ደወሉ፤ "ማን ልበል?" አላቸው። ለአባቱ ሙት ዓመት ደወሉ፤ "ማን ልበል?" አላቸው። ታመው ተሽሏቸው ደወሉ፤ አሁንም "ማን ልበል?"። ከዚያ በኋላ አልደወሉም። እሱም መጥፋታቸውን ልብ አላለም፤ ያን ሰሞን አዲስ ስልክ ወጥቶ ነበር።

ናሁሰናይ ቤዛዊት የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አንድ ቀን ተጨንቃ መጣች።

"አባቴ ሽማግሌ ይላክ ብሏል" አለችው። "ግን ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያውቅህ፣ ስላንተ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ነው የሚፈልገው። ዝም ብሎ ተለምኖ የመጣ ሽማግሌ አላስገባም ነው የሚለው። ናሁ፣ ማን አለህ?"

"ኧረ ሞልቶልኛል!" አለና ስልኩን አወጣ። ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አስኬደ። ባለሱቁ፣ የሲሚንቶ መጋዘኑ፣ ቤዛዊት። ሌላ ስም አልነበረም። ያን ጊዜ ደነገጠ። ስልኩ አራት ካሜራ አለው፤ አንድ ሽማግሌ ግን የለውም።

ቁጥሩን ከአባቱ ዕድር ጸሐፊ ለምኖ ለጋሽ ድንበሩ ደወለ። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሳ።

"ማን ልበል?" አሉ ሽማግሌው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ… ናሁሰናይ። ረሱኝ እንዴ?"

"ምን እረሳሃለሁ! ያኔ አባትህ እያለ የመዘገብኩት ስምህ ይኸው ስልኬ ላይ ይታየኛል። አንተ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅኸኝ፣ እኔም አንዴ ልጠይቅህ ብዬ ነው። በል ቤት ና።"

ሄዶ ጉዳዩን ነገራቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ስልክ አዩት።

"ከዚህ በፊት የያዝከው የት ደረሰ?"

"ሰጠሁት፣ ጋሼ።"

"ተበላሽቶብህ?"

"አይ፣ ደህና ነበር።"

"ታዲያ ምን ጎድሎት ነው?"

ናሁሰናይ አሰበ። "ምንም" አለ በመጨረሻ። "አዲስ ወጣና ነው።"

ሽማግሌው አልሳቁም። "የልጅቷ አባት ልጁ በያዘው ይጸናል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም። ምን ልበለው?"

ልጁ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

"እንግዲህ ስማኝ። ይህን ስልክ ሳትቀይር ያጣሃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለግህ መዝግብ። እኔንም ጨምር። የምንሄድበት ቀን ሲደርስ እደውልልሃለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አልነግርህም።"

ናሁሰናይ ሰዎቹን መፈለግ ጀመረ። አብሮ አደጎቹን፣ የአባቱን ዘመዶች፣ ሙያ ያስተማረውን አለቃውን። ገሚሱ ተቀየመው፣ ገሚሱ አቅፎ ሳመው። አንዲት የአባቱ እህት ስሟን ሲመዘግብ እያየች አለቀሰች። ስሞቹ እየበዙ ሄዱ። እረፍቱ ግን አልመጣም። እጁን ይበላዋል፤ ታክሲ ውስጥ ዓይኑ አሁንም ይቅበዘበዛል። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ ጋሽ ድንበሩ አልደወሉም።

በአራተኛው ወር በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ባለሱቁ ጠርቶ አስገባው። "የት ጠፋህ አንተ? ና እስኪ ይቺን ያዛት!" ብሎ አዲስ ስልክ አስጨበጠው። ቀጭን ናት፣ ቀላል ናት። ናሁሰናይ ልቡ ሸፈተ። ስሞቹን ነገ አዛውራለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም ብሎ አሰበ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ባለሱቁ ሲም ካርዱን ሊያወጣ መርፌዋን አነሳ።

ስልኩ ጠራ።

ባለሱቁ ስክሪኑን አየና "ጋሽ ድንበሩ ይላል፤ ማናቸው?" አለ።

ናሁሰናይ ስልኩን ከእጁ መነተፈው። "አቤት፣ ጋሽ ድንበሩ!" አለ።

ሽማግሌው ጠየቁ፤ "አወቅኸኝ?"

"አወቅኩዎት፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እሁድ እንሄዳለን። ለልጅቷ ንገራት።"

መርፌዋ አንድ ደቂቃ ቀድማ ገብታ ቢሆን ያ ጥሪ አይደርሰውም ነበር። ናሁሰናይ አዲሷን ለባለሱቁ መልሶ፣ የራሱን ስልክ ኪሱ ከትቶ ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በሩ ላይ ደርሶ ዞር ብሎ ያቺን አዲሷን አይቷታል። ቢሆንም ወጣ።

አዲስ ነገር መውደድ ነውር የለውም። የያዝነው ምንም ሳይጎድለው የሚሰለቸን ከሆነ ግን የሚመጣውም መሰልቸቱ አይቀርም፤ በየመሸጋገሪያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው እናጣለን። እናንተስ? ዛሬ ቢደውልላችሁ "ማን ልበል?" ብላችሁ የምታሳፍሩት ሰው ማን ነው? እባካችሁ፣ እሱ ሳይደውል እናንተ ደውሉለት።