ሁለት ፈረስ በአንድ ጠፍር

የትምህርት ቤቱ የሮቦት ክበብ መሪ አርሴማ፣ ከግማሽ ፍጻሜው ውድድር በፊት ፊቷ ጠቁሮ ወደ መምህሯ መጣች። «ጋሼ፣ ሮቦታችን አራት ሞተር እያለው ልምምድ ላይ መሀል ሜዳ ሲሽከረከር ቀረ። አምስተኛ እንጨምርለት?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ቁጭ አድርገዋት እንዲህ አሏት።

አንድ ባለጋሪ ነበረ። ከጤና ጣቢያ ርቆ የሚኖር፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ የሚያመላልስ ሰው ነው። አንድ ቀን ፈረሱ መንገድ ላይ ወድቆበት አንዲት አሮጊት ፀሐይ ላይ ዋሉ። ነገሩ ከሆዱ አልወጣ አለው። ሁለተኛ ፈረስ ገዛ፤ ሁለቱን ፈረሶች ግን ከጋሪው ጋር ያያያዛቸው በአንድ ጠፍር ነበር። ጠፍሩን ከበሬ ቆዳ ራሱ አልፍቶ ስለሠራው ይተማመንበታል። «እንግዲህ አንዱ ቢደክም ሌላው አለ» እያለም ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራ ነበር።

የገዛ ልጁን ምጥ የያዛት ዕለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዳት ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። ፈረሶቹ ቀለል ሲላቸው ወደ ፊት ተራመዱ፤ ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ድንጋይ ያዘው።

«አባዬ፣ ፈረሶቹ ምን ሆኑ?» አለች ልጁ።

«ፈረሶቹስ ደህና ናቸው» አለ። ሁለት ጤነኛ ፈረስ ፊቱ ቆመው ልጁ ልትሞትበት ነው። ምስኪን፣ ለክፉ ቀን ያሰበው ሁሉ በአንድ ቆዳ ላይ መንጠልጠሉን ያየው ያኔ ነው።

ጋቢውን አውልቆ በቢላዋ ለሁለት ቀደደው። አንዱን ፈረስ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ከጋሪው ጋር አሰረ። ጤና ጣቢያው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የግራው ተበጠሰ። ጋሪው ተንጋደደ፣ አዘገመ፣ ግን አልቆመም። ልጁም በሰላም ተገላገለች።

መምህሩ ወደ አርሴማ ዞሩ። «ልጄ፣ የእናንተም ነገር እንዲሁ ነው። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሞተር አደረጋችሁ፤ ሁለቱ ግን ጎማዎቹን የሚያዞሩት በአንድ ሰንሰለት ነው። የቀኙ ሰንሰለት ሲወልቅ ሞተሮቹ ደህና ነበሩ፤ ጉልበታቸው ግን ጎማው ዘንድ አልደረሰም። አምስተኛ ብትጨምሪ እሱም በባዶ ይዞራል። እያንዳንዱ ሞተር የራሱን ጎማ በራሱ ሰንሰለት ያዙር። አንዱ ቢወልቅ ሮቦታችሁ ያነክሳል እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም። ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ፤ ባለጋሪውም ግዴለሽ ሰው አልነበረም። በይ፣ መፍቻውን አምጪ።»