የቀማሹ ቃል

«አንድ ጠጅ ሻጭ ነበረ፤ ፈቃድ ነበረው፣ ፍርሃት ግን አልነበረውም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ስንሻው።

የእህታቸው ልጅ ልየው ግሮሰሪ ሊከፍት ነው። መጠጥ የመሸጥ ፈቃዱን አውጥቶ ምርቃት ሊቀበል ቢመጣ፣ ከምርቃቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ ፈቃዴ በእጄ ነው፣ ግብሬንም እከፍላለሁ። ጠጪው ከደጄ ከወጣ በኋላ ለሚሆነው እኔ ምን አገባኝ?» ሽማግሌው ሊቆጡ ቃጣቸውና ቁጣቸውን ዋጡት። ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ ነውና ወደ ምሳሌው ገቡ።

ጠጅ ሻጩ የሚኖርባት የገበያ ከተማ አፋፍ ላይ ናት። ከእሷ ወዲያ መንገዱ በገደሉ ጥግ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሰውየው ፈቃዱን ሊወስድ በሄደ ጊዜ ሹሙ «ለልጅ አትሽጥ፣ ለሰከረ አትቅዳ፣ በሰዓቱ ዝጋ፣ ጠጥቶ መኪና ሊነዳ የተነሣን ሰው ዝም ብለህ አታሰናብት» እያለ ሲያነብለት፣ እሱ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» ይል ነበር። ዓይኑ ግን ማኅተሙ ላይ ነበረ። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲያ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ዞር ብሎ አላየውም።

በአንድ ነገር ግን የተመሰገነ ነበር። ብርሌውን ለጠጪ ከማቀበሉ በፊት እንደ ወጉ ከጠጁ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መርዝ የለበትም፣ አልኮመጠጠም፣ ክፉ ነገር ካለበትም በፊት እኔን ያግኘኝ ማለቱ ነው። ሌሎቹ ሻጮች ይህን ወግ እርግፍ አድርገው ትተውታል። እሱ ስላልተወ ሰው ሁሉ «ቀማሹ» ይለዋል፤ ቃሉንም ያምነዋል።

አንድ የገበያ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ሹፌር ገባ። ሚኒባሱን ደጁ ላይ አቁሞ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ነው። አንድ ብርሌ አዘዘ፤ ቀማሹ ቀምሶ ሰጠው። ደገመ፣ ቀምሶ ሰጠው። ሠለሰ፣ አሁንም ቀምሶ ሰጠው። የሹፌሩ ምላስ ይተሳሰር ጀመር። የመኪናው ቁልፍ ከእጁ ወድቆ ሊያነሣ ሲጎነበስ ጠረጴዛውን በግንባሩ ገጨው። ቀማሹ ይህን ሲያይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ይብቃህ መሰለኝ» አለው።

ሹፌሩ ሳቀ። «ለምን? አንተው ቀምሰህ የሰጠኸኝ አይደል? ወይስ መርዝ ነው የሸጥህልኝ?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ቀማሹም ስሙን ፈርቶ አብሮ ሳቀና አንድ ብርሌ ጨመረለት። ቀምሶ ነው ታዲያ!

ሹፌሩ እየተንገዳገደ ሲወጣ ቀማሹ ተከትሎት ደጁ ላይ ቆመ። መኪናው ሞልቷል። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። በመጨረሻ የምትሳፈረው አንዲት ባልቴት ነበረች። አንድ እግሯን እንዳነሣች ሹፌሩ የበሩን እጀታ ስቶ ሲዳብስ አየችና ወደ ጠጅ ቤቱ ዞረች።

«ልጄ፣ ሰውየው ደኅና ነው?»

ቀማሹ አሰበ። ደኅና አይደለም ቢል፣ ማን አጠጣው ሊባል ነው። ፈቃዱ ሲነጠቅ፣ ቤቱ ሲታሸግ ታየው።

«ደኅና ነው፣ እማማ።»

«እንግዲህ አንተ ካልህ ይሁን። አንተ ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም» አለችና ተሳፈረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ቁልቁለቱን ያዘ።

ፍርሃት የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከቁልቁለቱ በኩል የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ልቡ ይዘላል፤ ጥሩምባው ሲቋረጥ ደግሞ ይብስበታል። «አሁን ወንዙ ደርሰዋል» ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ወዲያው «ባይደርሱስ?» ይላል። ያች እናት ሕፃኗን ያቀፈችበት ክንድ ከዓይኑ አልጠፋ አለው። ወደ ግድግዳው ቀና ቢል ያ የሚወደው ማኅተም ዓይን ሆኖ አፈጠጠበት። ከማኅተሙ በላይ ያለውን ጽሑፍ ያን ዕለት ገና አነበበው። ለሰከረ አትቅዳ ይላል።

ይህን ሲያነብ ከቆላ የሚወጣ አንድ አህያ ነጂ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መኪና ከመንገድ ወጥቷል!» እያለ በደጁ አለፈ። ቀማሹ ቤቱን ጥሎ ሮጠ። «የእነሱ አይሁን፣ የእነሱ አይሁን» ይላል፤ ከዚያም «ታዲያ የማን ይሁን?» ብሎ ከራሱ ጋር ይጣላል።

የእነሱ ነበር። መኪናው የገደሉ ጫፍ ላይ ካለ ቋጥኝ ጋር ተላትሞ ቆሟል፤ አንድ የፊት ጎማው አየር ላይ ነው። ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቷል። ባልቴቷ የተሰበረ ክንዷን በነጠላዋ አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ቀማሹ እግሯ ሥር ወደቀ።

«እማማ፣ ጠጄ እኮ ንጹሕ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ለሱ ጠጁን ቀመስህለት። ለእኛ ሹፌሩን ማን ቀመሰልን?»

ጋሽ ስንሻው እዚህ ሲደርሱ ወደ ልየው ዞሩ። ልየው ያንን ያወጣውን ፈቃድ ጭኑ ላይ አጥፎ ይዞታል።

«ቀማሹ አንተ ነህ፣ ልጄ። መንግሥት በዚያ ወረቀት መሸጥን ሲፈቅድልህ እምቢ ማለትንም አሸክሞሃል። ባልቴቷ ደግሞ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ነው፤ ግሮሰሪህን አይቶት የማያውቀውም ጭምር። ብርሌም ሆነ ጠርሙስ ባቀበልህ ቁጥር 'ሰውየው ደኅና ነው?' ብሎ ይጠይቅሃል። የምትሰጠው መጠጥ መልስህ ነው። ምን አገባኝ አልህ? ይኸው ይህ ያገባሃል።»

ልየው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። «እና ምን ላድርግ፣ ጋሼ? አሁንስ ፈራሁ።»

«ደግ አደረግህ። ያ ሰው የፈራው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። በል ጎንበስ በል፣ ልመርቅህ።»

ልየው ጎነበሰ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «ፍርሃትህን፣ የጠጪው የመኪና ቁልፍ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ ያምጣልህ» አሉት።

«አሜን» አለ ልየው።